እማሆይ ያሉበት ኢንሹራንስ

እስቲ ያንን ሰውዬ ተመልከቱት። ከላሞቹ በረት ጀርባ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ወጥቶ፣ ዝናቡ በአንገቱ እየገባ፣ በአንድ እጁ ስልክ በሌላው ብጣሽ ወረቀት ይዞ የቆመውን። አበደ እንዳትሉ። በአየርላንድ ሊትሪም አውራጃ፣ ድረምኪላ በምትባለው መንደር ስልክ አጥርቶ የሚሰማው እዚያ ካብ ላይ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የስድስት መኪኖች ታርጋ ተጽፏል። አንዱም የእሱ አይደለም።

ድሮ መኪና የሚገዛ ሰው ጎማ ይረግጥ፣ ኮፈን ከፍቶ ያሸትት፣ በመጨረሻም መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ ከሻጩ ጋር ይጨባበጥ ነበር። ዛሬ በመላው አየርላንድ ለልጁ መኪና የሚፈልግ አባት መኪናዋን አያያትም። መጀመሪያ ታርጋዋን ይጽፋል፣ ለኢንሹራንስ ይደውላል፣ የተቆረጠለትን ዋጋ ሰምቶ ካልወደቀ ብቻ ሄዶ ያያታል። ሙሽራዋን ሳያዩ ጥሎሽ እንደ መቁጠር ነው።

ሰውዬው ማላኪ ማክጎልድሪክ ይባላል። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የወተት ቦቴ ሾፌር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ ከየገበሬው ደጅ ወተት እየሳበ ለፋብሪካ ያደርሳል። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። የቀረችው አንዲት ልጅ ናት፤ ዴርቭላ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ከሦስት ወሯ። ልጅቷ የኤሌክትሪክ ሙያ ተለማማጅ ሆና የምትገባበት ቦታ አግኝታለች። ከተማው ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሥራ የሚገባው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በመንደሩ አውቶቡስ የሚያልፈው በሦስት ሰዓት፣ ያውም ማክሰኞና ዓርብ ብቻ። አሠሪዋ ነገር አላበዛም፤ «መኪና ካለሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ከሌለሽ ከኋላሽ አራት ወንዶች ተሰልፈዋል» አላት።

እንግዲህ ፍርዱን ስሙ። አውቶቡስ የሚያመጣ የለም። ሥራው መኪና ይጠይቃል። መኪናው ኢንሹራንስ ይጠይቃል። ኢንሹራንሱ ደግሞ «ዕድሜሽ ትንሽ ነው» ብሎ ከመኪናዋ በላይ ይጠይቃል። ምንም ያላጠፋች ልጅ፣ በስም እንኳ የማታውቃቸው እኩዮቿ ያጠፉትን ትከፍላለች። የጎረቤት ልጅ ዶሮ ሰርቆ ያንተን ልጅ ቢያስሩብህ አገር ይያዝልኝ ትል ነበር፤ በስልክ፣ በለሰለሰ ድምፅ ሲነግሩህ ግን «አመሰግናለሁ» ብለህ ትዘጋለህ።

«ስድስተኛዋን ልንገርሽ» አለ ማላኪ ካቡ ላይ ሆኖ። «ነጭ ያሪስ ናት። አንድ ሊትር። ከዚህ ያነሰ ሞተር የምታገኚው ሣር ማጨጃ ላይ ነው።»

«አራት ሺህ አንድ መቶ ዩሮ፣ ጌታዬ» አለች የኢንሹራንሷ ሴት በስልኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ መኪናዋ እኮ ራሷ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ናት! ልጄ ገጭታ ገደል ብትጥላት ሌላ ገዝቼላት ይተርፈኛል!»

«ልምድ ያለው አሽከርካሪ አብሮ ቢመዘገብ ዋጋው ሊወርድ ይችላል።»

የማላኪ ደረት በአንድ ጊዜ ተነፋ። ይህቺን ነበር የሚጠብቀው። «እኔን ጻፊኛ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በዚህ ጠባብ መንገድ፣ ሃያ ሺህ ሊትር ወተት አዝዬ አንዲት ጠብታ ያላፈሰስኩ ሰው ነኝ።»

«የቅጣት ነጥብ አለብዎት?»

ማላኪ ዝናቡን ተመለከተ። «ስድስት። ሦስቱ እየነዱ ስልክ በማውራት ነው። እናንተ ስታስጠብቁኝ ሳይሆን አይቀርም።»

የኮምፒውተር ቁልፍ ሲመታ ተሰማ። «ከርስዎ ጋር አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ይሆናል።»

ከካቡ ሥር ዣንጥላ ይዛ የቆመችው ዴርቭላ አፏን በእጇ ሸፈነች። «አባዬ፣ አንተ ስትገባበት ወደ ላይ ወጣ?»

«ዝም በይ።»

«ከእኔ ይልቅ አንተ ታስፈራለህ ማለት ነው እኮ!»

«ዝም በይ ብያለሁ! ዣንጥላውን ወደዚህ!»

በዚያ አገር ለዚህ ችግር አንድ መላ አለ፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሕግም አይከለክለውም። መንጃ ፈቃዱ የጸዳ አንድ ትልቅ ሰው ተፈልጎ ከልጁ ጋር ሁለተኛ አሽከርካሪ ተብሎ ይጻፋል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ቅጣት የሌለባት አክስት ያለችው ቤተሰብ ርስት እንዳለው ይቆጠራል። ማላኪ ደግሞ አክስት አለችው፤ አክስት ብቻ ሳትሆን መነኩሲት። እማሆይ ኮሉምባ ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሰሜን ኬንያ፣ ቱርካና በረሃ ውስጥ ክሊኒክ ሲመሩ ኖረው የተመለሱ ናቸው። አርባ ሰባት ዓመት ነድተዋል፤ በመንጃ ፈቃዳቸው ላይ አንዲት ነጥብ የለችም። የገዳሙ አለቃ ከሁለት ዓመት በፊት መኪናቸውን ሸጠውባቸዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን ማንም አልተናገረም፣ ማንም አልጠየቀም።

በእማሆይ ስም አራት ሺሁ ወርዶ ሁለት ሺህ ሊሞላ ሃያ ጎደለው። ማላኪ ካቡ ላይ ሊጨፍር ምንም አልቀረው።

ግን ሁለት ነገር አብሮ መጣ። አንደኛው፣ ከመሪው ሥር የምትለጠፍ የሳሙና መጠን ያላት ጥቁር ሳጥን ናት። ፍጥነቱን፣ የፍሬኑን አያያዝ፣ የኩርባውን አዟዟር እየቆጠረች ለኩባንያው ትነግራለች፤ እንደ አስተማሪም ከመቶ ታርማለች። ሁለተኛው የእማሆይ ነገር ነው።

«ስሜን ለውሸት አላውስም» አሉ፣ ፎርሙን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አንብበው። «አሽከርካሪ ተብዬ ከተጻፍኩ አሽከረክራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የኔ ነው። ሕሙማን እጠይቅበታለሁ።»

«እንዴታ አክስቴ! መኪናዋም ትባረካለች» አለ ማላኪ።

ዴርቭላ ሥራ ጀመረች። ከኋላ መስታወት ላይ የጀማሪ ምልክቷን ለጥፋ፣ ያሪሷን እንቁላል እንደተሸከመች ሴት ትነዳት ጀመር። አንድ ቀን የሬሳ መኪና፣ ሬሳውን እንደያዘ፣ ጡሩምባ ነፍቶ አለፋት። እሷ ግን ደንታም አልሰጣት። ጨለማ ሳይለቅ ትነሣለች፣ ሳንድዊቿን ጠቅልላ ትወጣለች፣ ማታ እጇ በሽቦ ተቧጭሮ ደስ ብሏት ትመለሳለች። ከሦስት ዓመት ወዲህ በዚያ ቤት ሰው ሲያፏጭ የተሰማው ያኔ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ማታ ደብዳቤ መጣ። ማላኪ ወጥ ቤት ቆሞ አነበበው፤ ተቀምጦ ደገመው።

«ከመቶ ሠላሳ አንድ!» አለ። «ዴርቭላ! ነይ እስቲ ወዲህ!»

ልጅቷ መጣች።

«ድንገተኛ ፍሬን አሥራ አራት ጊዜ። የፍጥነት ወሰኑ ሰማንያ በሆነ መንገድ ላይ መቶ አሥራ ዘጠኝ! መቶ አሥራ ዘጠኝ፣ አንቺ ልጅ! ‹በወጣት አሽከርካሪዎች ዘንድ የተለመደ የግድየለሽነት ጠባይ› ይላል። እስከ ወሩ መጨረሻ ሃምሳ ካልደረስሽ ይሰርዙናል። አንዴ የተሰረዘን ደግሞ ሌላ ኩባንያ በሩን አይከፍትለትም። ሥራሽ እኮ አበቃ!»

ዴርቭላ ወረቀቱን ተቀብላ አየች። መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች ወረደች። «አባዬ፣ ቀኖቹን አይተሃል? ሁሉም ቅዳሜ ነው። ሁሉም ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ሜዳ ነኝ፤ የኳስ ልምምድ ላይ። መኪናዋ ያለችው…»

«እንዳትጨርሺው!»

«አባዬ…»

«መነኩሲት ልትወነጅዪ ነው? ከእናትሽ ለይተሽ የማታዪያቸውን ሴትዮ? አርባ ሰባት ዓመት አንዲት ጭረት የሌለባቸውን? ሳጥኗ ሰዓት ተሳስቶባት ይሆናል እንጂ እማሆይ አይሳሳቱም! ውሸታም አላሳደግኩም ነበር። ቁልፉን አምጪ!»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም። «ሰኞ በምን ልሂድ?» አለች ብቻ። ወደ ክፍሏም ገባች።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ይህ ሰው ከልጁ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ኖሯል። ከሳሙና ከማትበልጥ ሳጥን ጋር የተዋወቀው ስድስት ሳምንት ቢሆነው ነው። ሳጥኗ ስትናገር አመነ፤ ልጁ ስትናገር ቁልፍ ነጠቀ። ሳጥኗም ብትሆን ቀንና ሰዓቱን በትክክል ነግራው ነበር እኮ! እሱ የመረጠው የሚስማማውን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ እማሆይ ደረሱ። ግራጫ ሹራብ፣ ግራጫ የራስ መሸፈኛ፣ ከመሸፈኛው ሥር ደግሞ ጥቁር የፀሐይ መነጽር።

«ዛሬ አብሬዎት ልሂድ፣ አክስቴ» አለ ማላኪ። «ስለ ልጅቷ የማማክርዎት አለኝ። እርስዎን ትፈራለች፤ ቢገሥጹልኝ ብዬ ነው።»

«ግባ። ቀበቶህን እሰር።»

እማሆይ በስመ አብ ብለው አንደኛ ማርሽ አስገቡ። አሜን ሲሉ አራተኛ ላይ ነበሩ።

«ምን አጠፋች?» አሉ።

«ትበራለች አሉኝ እኮ፣ አክስቴ። በዚህ መንገድ ላይ መቶ… ኩርባ ነው! አክስቴ፣ ኩርባ!»

«አይቼዋለሁ። ቀጥል።»

ማላኪ በሩን በሁለት እጁ ያዘ። የሌለ ፍሬን በእግሩ እየፈለገ ወለሉን ረገጠ። «ቀስ ቢሉስ?»

«ቀስ ማለት ነው የሚገድለው» አሉ እማሆይ፣ በአንድ እጃቸው መሪ በሌላው መቁጠሪያ ይዘው። «ቱርካና ላይ መንገዱ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው። ቀስ ካልክ ጥርስህ ይረግፋል። ሰማንያ ስትገባ ግን ከላይ ከላዩ ትንሳፈፋለህ። አሸዋ ላይ ደግሞ ፍሬን የያዘ እዚያው ይቀበራል። ሃያ ስምንት ዓመት ተንሳፍፌያለሁ።»

«ይሄ ሊትሪም ነው፣ አክስቴ! አሸዋ የለም!»

«ለዚህ እኮ ነው መቶ የምነዳው። አስፋልት ነው።»

«በግ!»

ያን ጊዜ ፍሬን ያዙ። ማላኪ ግንባሩ ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቀበቶው መለሰው። በጉ ቆሞ አያቸውና እያመነዠከ አለፈ። ከመሪው ሥር ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ።

«ያቺ መብራት ምንድን ናት?» አሉ እማሆይ። «እኔ በነዳሁ ቁጥር ትበራለች። የማሞቂያው መስሎኝ ነበር።»

ማላኪ መብራቷን አፍጥጦ አያት። አርባ ሰባት ዓመት የጸዳው መንጃ ፈቃድ ምስጢሩ አሁን ገባው። በቱርካና በረሃ ከማን ጋር ይጋጩ? እዚህ ደግሞ የመነኩሲት መኪና አስቁሞ ቅጣት የሚጽፍ ፖሊስ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በየት በር ይገባል? ለማላኪ ስድስት ነጥብ፣ ለእማሆይ «ደህና ይዋሉ»። ሕግ ማለት እንዲህ ነው፤ ልብስ ያያል።

«ፊትህ አመድ መስሏል» አሉ እማሆይ። «ምን ሆንክ?»

«አክስቴ…» ማላኪ ከሰው ሁሉ የሚፈራው እኚህን ሴትዮ ነው፤ ልጅ ሳለ ድንች በእጁ ሲበላ የመቱት ቦታ ዛሬም የሚያሳክከው ይመስለዋል። «ያቺ መብራት ማሞቂያ አይደለችም። ሳጥን ናት። አነዳዱን ለኩባንያው ትናገራለች። ሊሰርዙን ነው። ልጅቷ ሥራ ልታጣ ነው።»

«በኔ ምክንያት?»

«… በእርስዎ ምክንያት።»

እማሆይ መኪናዋን ከአጥሩ ጥግ አስጠጉና ሞተሩን አጠፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽሩን አወለቁ።

«ዴርቭላ ታውቃለች?»

«ትናንት ነገረችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

ማላኪ በጉን ፈለገ። በጉ ሄዷል። «ውሸታም አልኳት። ቁልፉንም ነጠቅኳት።»

«አንተ ማላኪ!» አሉ። ማላኪ ዕድሜው ወደ ሰባት ዓመት ወረደ።

ቤት ሲመለሱ እማሆይ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ካቡ ላይ ወጡና ለኩባንያው ደወሉ። ዴርቭላም ከሜዳ ተመልሳ ነበርና ሦስቱም ሰሙ፤ ስልኩ ጮክ ተደርጎ ተከፍቷል።

«ልጄ፣ በመቶ አሥራ ዘጠኝ የነዳሁት እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አለ የወጣት ወንድ ድምፅ።

«እማሆይ ኮሉምባ። ሁለተኛዋ አሽከርካሪ።»

ልጁ የኮምፒውተሩን ቁልፎች መታ። «እመቤቴ፣ የልጅ ልጅዎን ለማዳን ብለው ከሆነ ይገባኛል። ነገር ግን ሲስተሙ የወጣት አነዳድ ነው ብሎ ለይቶታል።»

«ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው!»

«ሲስተሙ ግን…»

«አንተ ልጅ፣ መነኩሲትን ውሸታም ነው የምትለው?»

ማላኪ አንገቱን ደፋ። ዴርቭላ ግን ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ በረቱ ዞረች።

ልጁም ያለውን አለ፤ ማን እንደነዳ አይመለከታቸውም፣ ነጥቡ የመኪናዋ ነው፣ እማሆይን ከውሉ ማውጣት ይቻላል፣ ያኔ ግን ዋጋው ወደ አራት ሺሁ ይመለሳል። ልብ በሉ! ደህና የምትነዳዋ ብቻዋን አራት ሺህ፤ የምትበረው ስትጨመር ሁለት ሺህ። ይህንን ስሌት የሠራው ሰው ደመወዝ ይከፈለዋል።

«በቃ አይንዱ፣ አክስቴ» አለች ዴርቭላ እማሆይ ከካቡ ሲወርዱ እጃቸውን ይዛ። «ስሙ ብቻ ይኑር።»

«ያኔ ስሜ ውሸት ይሆናላ። አይሆንም።» እማሆይ ቀሚሳቸውን አራገፉ። «ሰው ለፈጣሪው ሥጋ ይተዋል፣ ወይን ይተዋል። እኔ ፍጥነት እተዋለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጾም ነው። አንቺ አጠገቤ ትቀመጫለሽ። አስተምሪኝ።»

ስለዚህ በቀሩት ሦስት ቅዳሜዎች ድረምኪላ ጉድ አየች። የስድስት ሳምንት ሾፌር የአርባ ሰባት ዓመት ሾፌርን ታስተምር ጀመር። «አሁን እግርዎን ያንሡ። ኩርባው ገና ሩቅ ነው፤ አሁኑኑ። እንደሱ። ፍሬኑን እንደ እንቁላል ይርገጡት።»

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ፍጥነት ሕሙማኑ ሳልደርስ ይድናሉ።»

«አርባ አምስት ላይ ነን፣ አክስቴ። አርባ ያድርጉልኝ።»

«ቱርካና ላይ ‹እማሆይን ግመል ቀደማቸው› ቢሏቸው ማን ያምናል!»

ከኋላቸው ሁለት ትራክተርና ሰባት መኪና ተሰለፈ። አንዱ ላንድሮቨር ጡሩምባውን አልለቅ አለ። መንታ መንገዱ ላይ ሲቆሙ ሰውዬው ወርዶ በጀማሪ ምልክቱ ላይ እየጠቆመ መጣ። «አንቺ ጨቅላ! መንዳት ካልቻልሽ ቤትሽ ተቀምጠሽ…» መስኮቱ ወረደ። ሰውዬው ግራጫውን መሸፈኛ አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ቀጥል ልጄ» አሉ እማሆይ። «ጾም ላይ ነኝ፤ አልቆጣም።»

በወሩ መጨረሻ ነጥቡ ሃምሳ ስምንት ገባ። ደብዳቤውም «የዴርቭላ አነዳድ በመሻሻሉ ደስ ብሎናል» ይላል። የዴርቭላ አነዳድ በአንዲት ፀጉር አልተለወጠም።

ማላኪ ያን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አላነበበውም። ቁልፉን ያን ቅዳሜ ማታውኑ መልሶላት ነበር፤ ይቅርታ የምትለዋን ቃል ግን ከአፉ ማውጣት አቅቶት ሳምንታት አልፈዋል። በዚያ ቤት ወንዶች ያቺን ቃል አያውቋትም፤ በቃሏ ፈንታ ሻይ ያቀርባሉ። ሻይ ደግሞ አልበቃ ብሎታል። ደብዳቤው በመጣ ማግስት ዓርብ ነው፤ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተኪ ጠይቆ ከወተቱ ቀረ። ዴርቭላ ገና ሳይነጋ ስትወጣ ያሪሷ ውስጥ፣ ከጎን ወንበር ላይ፣ ኮቱን ለብሶ ተቀምጦ አገኘችው።

«ወዴት ነህ?»

«ሥራሽ ድረስ።»

«በምን ትመለሳለህ?»

«ዓርብ አይደል፣ አውቶቡስ አለ። ንጂ፤ ትረፍጃለሽ።»

ነዳች። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፉ። ማላኪ እግሩ ፍሬን አልፈለገም። ሁለተኛውን አለፉ። ማላኪ በሌላ ሰው መኪና ተሳፍሮ፣ አባቱ እየነዱ እንኳ፣ ዓይኑን ከድኖ አያውቅም። አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዴርቭላ የሆነ ድምፅ ሰምታ ዞር አለች። አባቷ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል። እስከ ከተማ አልቀሰቀሰችውም።

አሁን እናንተን አንድ ነገር ልለምን። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ልጃችሁን የሚከስ ወረቀት ይመጣችኋል፤ ከኩባንያ ይሁን፣ ከትምህርት ቤት፣ ወይም ከሌላ ሳጥን። ማኅተም ይኖረዋል፣ ቁጥር ይኖረዋል። እባካችሁ፣ ቁልፉን ከመንጠቃችሁ በፊት ከልጃችሁ ጎን ተቀመጡና አንድ መንገድ አብራችሁ ሂዱ።